ሪጎሬ ስትመቱ እስከ የት መሸወድ ይፈቀዳል?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው፤ መርሳ፣ የክረምት የሰፈር ውድድር ላይ። 1 ለ 1 እንደሆንን ሪጎሬ አገኘን። መቺው እኔ ነኝ። ሮጬ ኳሷ ጋ ደረስኩ፣ ልመታ እግሬን አነሳሁና... ቆምኩ። በረኛው ወደ ቀኝ ወደቀ። እኔ በግራ በኩል ቀስ አድርጌ አስገባኋት። ሰፈሩ በጭፈራ ቀለጠ።

ዳኛው ግን ፊሽካ ነፉ። ጎሉን ሰረዙ፣ ለእኔ ቢጫ አሳዩ፣ ኳሷን ለእነሱ ሰጡ። ጋሼ የምንላቸው የሰፈራችን መምህር ነበሩ። ከበብናቸውና «ተገዝተው ነው!» ብለን ጮህንባቸው። ጨዋታውንም ተሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ፊሽካ ይዘው ሜዳ ሲገቡ አላየሁም።

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ የቤዝቦል ቪዲዮ መጣብኝ። ወርዋሪው ሊወረውር ጀመረና ድንገት ተወው። ወዲያው ጥፋት ተባለ። «ቦክ» ይሉታል፤ ቤዝ ላይ ያሉት ሯጮች ሁሉ አንድ አንድ ቤዝ ወደፊት ይሄዳሉ። ሯጩ የሚወስነው የወርዋሪውን እንቅስቃሴ አይቶ ስለሆነ በውሸት እንቅስቃሴ ማታለል አይፈቀድም።

ያቺ ሪጎሬ ትዝ አለችኝ። የእግር ኳስን ሕግ 14 ከፍቼ አነበብኩ። እየሮጡ ፍጥነት መቀነስ ወይም ሰውነትን ማወዛወዝ ይቻላል። ሩጫው ካለቀ በኋላ የምትመታ መስሎ ማታለል ግን ክልክል ነው። ኳሷ ገባች አልገባች ቅጣቱ ያው ነው፦ ለመቺው ቢጫ፣ ለተጋጣሚ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት። ብራዚሎች «ፓራዲንያ» የሚሉት ይህ ሽወዳ በግልጽ የታገደው እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም ዋንጫው በፊት ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በሂሳብ አየሁት። ሪጎሬ የሚመታው ከ11 ሜትር ነው። ኳሷ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትበር ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ስለዚህ በረኛው ቀድሞ መገመት አለበት። እሱ ደግሞ እስኪመታ ድረስ ቢያንስ አንድ እግሩ ከመስመሩ መውጣት የለበትም። መቺው በመጨረሻዋ ቅጽበት መቆም ከቻለ ግን አንዱ ታስሮ፣ ሌላው ተፈትቶ መጫወት ይሆናል።

ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ትልቅ ስታዲየም ተመርቆላታል። የሰፈር ሜዳ ላይ ግን ሕጉን የምንማረው አሁንም ከጩኸት ነው።

ለጋሼ ደወልኩ። «ያን ቀን ልክ ነበሩ፣ ይቅርታ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«አብሽር» አሉኝ። «ላስረዳችሁ ፈልጌ ነበር። ማን ይስማኝ?»