አዲስ ላፕቶፕ ለገዛ ተማሪ፦ መብራት፣ እርጥበትና ፍላሽ ዲስክ

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያ ላፕቶፑን በሻንጣ ይዞ ከጅማ በስተደቡብ ወደሚገኘው የደዶ ደጋ ወጣ። በላፕቶፑ ውስጥ የሁለት ወር የመስክ መረጃና እስከ ግማሽ የደረሰ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ከነጎድጓዱ ጋር መብራት ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ አምፖሉ ከወትሮው ይልቅ ቦግ ብሎ በራ፤ ወዲያውም ከቻርጀሩ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማና ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ላፕቶፑም ሞተ። የቤቱ ሰው ሁሉ ስለ ወጣበት ገንዘብ አዘነ።

ይሁን እንጂ የተቃጠለው ቻርጀሩና በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኃይል ተቀባይ ክፍል ብቻ ነበር። ከወር በኋላ ላፕቶፑ ተጠግኖ ተነሣ። ጽሑፉ የጠፋው በዚያ የነጎድጓድ ምሽት ሳይሆን በጥገናው ዕለት ነው፤ ጠጋኙ ሥራውን ለማሳመር ብሎ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ጫነበት። «ፋይል አለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ባለቤቱም አልነገረውም። ስለ ላፕቶፕ አያያዝ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ ከዚህ ገጠመኝ የተነሣ ነው፤ ዕቃው በገንዘብ ይተካል፣ በውስጡ ያለው ሥራ ግን በገበያ አይገኝም።

መብራት ሲመለስ

ማንኛውም ሰው የላፕቶፑን ቻርጀር ጀርባ ቢመለከት ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል የሚገልጽ ጽሑፍ ያገኛል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። እንግዲህ ከ220 በታች ያለው የመታገሻ ክፍተት 120 ቮልት ሲሆን ከ220 በላይ ያለው ግን 20 ቮልት ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት የኤሌክትሪክ ምጣዱን ቢያበራና አምፖሉ ደብዝዞ ኃይሉ ወደ 160 ቮልት ቢወርድ፣ ማቀዝቀዣ ወይም ሌላ ሞተር ያለው ዕቃ ሊጎዳ ይችላል፤ ላፕቶፕ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚፈራው የኃይል ማነስን ነው፤ ላፕቶፕን የሚገድለው ግን የኃይል መብዛት ነው።

ለመሆኑ 220 የነበረው ኃይል እንዴት ሊበዛ ይችላል? መብረቅ አንዱ ምክንያት ነው፤ በመስመሩ ላይ በቀጥታ ባይወርድም እንኳ በአቅራቢያው ሲወድቅ ለቅጽበት የሚቆይ ከፍተኛ ቮልቴጅ በሽቦው ውስጥ ይፈጥራል። ሁለተኛው ምክንያት እምብዛም አይታወቅም። ከትራንስፎርመር ወደ መንደር የሚወርደው መስመር ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል አለው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ፌዝና ኒውትራሉን ስለሚያገኝ 220 ቮልት ይደርሰዋል፤ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ግን 380 ቮልት ነው። በነፋስ የወደቀ ቅርንጫፍ ወይም የዛገ መገጣጠሚያ ኒውትራሉን ቢበጥሰው፣ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ሳያውቁት 380 ቮልቱን ይካፈላሉ። ክፍፍሉም እንደየቤቱ ጭነት ነው። ምጣድ የጣደው ቤት ጥቂት ቮልት ሲደርሰው፣ አንድ አምፖልና አንድ ላፕቶፕ ብቻ የሰካው ቤት ከ300 በላይ ሊደርሰው ይችላል። በመሆኑም የጎረቤት መብራት ደብዝዞ የእኛ ከልክ በላይ ቢበራ፣ ወዲያውኑ በቆጣሪው ዘንድ ያለውን ማጥፊያ ማጥፋትና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማስታወቅ ያስፈልጋል። ደምቆ የበራ አምፖል የሚያስደስት ነገር አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው ልማድ ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬቱ መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላም አሥር ደቂቃ ያህል አምፖሉን እየተመለከቱ መጠበቅ ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ይህ መጠበቅ ሥራን አያስተጓጉልም፤ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ዩፒኤስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር። ነጎድጓድ ሲሰማ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ መንቀል ይገባል። በገበያ የሚገኙ ርካሽ ስታቢላይዘሮች በአብዛኛው ዝቅ ያለውን ለማንሣት የተሠሩ ናቸው፤ ገንዘብ ያለው ተማሪ ቢገዛ የሚሻለው ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ቆርጦ፣ ሲስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኘውን መከላከያ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን አንድ ነገር እናንሣ። በባዶ እግር የሊሾ ወይም የአፈር ወለል ላይ ቆሞ የብረት ገላ ያለውን ላፕቶፕ የሚነካ ሰው አንዳንዴ ለስለስ ያለ ንዝረት ይሰማዋል። በቻርጀሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሁከትን የሚያጣሩ ካፓሲተሮች እጅግ አነስተኛ ጅረት ወደ ገላው ያሳልፋሉ፤ ሦስተኛው የሶኬት እግር ይህን ወደ መሬት እንዲያወርድ የተሠራ ነበር። ባለሦስት እግሩን መሰኪያ በባለሁለት እግር ዲቫይደር ላይ ስንሰካ፣ ወይም ቤቱ ጭራሹኑ የመሬት መስመር ከሌለው፣ መውረጃው በሰውነታችን በኩል ይሆናል። ለስለስ ያለው ንዝረት ራሱ አደገኛ አይደለም፤ ቤቱ የመሬት መስመር እንደሌለው ግን ይመሰክራል፣ ይህም ለሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሊታሰብበት ይገባል።

ደጋ፣ ጢስና ቡና

በጅማና በአካባቢዋ ክረምቱ ረጅም፣ አየሩም እርጥብ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ያህል የውኃ ተን ሊሸከም ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ወደ 9 ግራም ብቻ። በደዶ ብርዳማ ማለዳ በመኪና ጣሪያ ላይ የተጓዘ ላፕቶፕ እሳት ወደሚነድበትና ጀበና ወደሚፈላበት ቤት ሲገባ፣ የቤቱ ሞቃት አየር የቀዘቀዘውን ብረት እንደነካ ተኑን ወደ ጠብታ ይለውጣል። መነጽር ያለው ሰው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል። ጠብታው ከላፕቶፑ ውስጥም ስለሚፈጠር፣ ሳይከፍቱ ከነሻንጣው አንድ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ይበጃል። ክረምቱን ሙሉ በቁም ሣጥን ተቆልፎ የሚከርም ላፕቶፕም ይሻግታል፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ቢሠራበት የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ የማቀዝቀዣው ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የማገዶ ጢስ ቅባት ያለው ጥላሸት ይዞ በፋኑ ክንፎች ላይ ይለጠፋል፤ አቧራውም በዚያ ላይ ይጣበቃል። ላፕቶፑን በፍራሽ ወይም በጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት ደግሞ የአየር መግቢያውን መድፈን ነው። ጠፍጣፋ ጣውላ ይበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ጥሩ ሲሆን፣ ይህ ልምድ ላለው ሰው የሚተው ሥራ ነው።

ስለ ቡና ካልተናገርን ስለ ጅማ አልተናገርንም። ከአቦል እስከ በረካ ሲኒው በጠረጴዛው ላይ ሲመላለስ አንዱ መደፋቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ቻርጀሩን መንቀል፣ ማብሪያውን ላፕቶፑ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፣ ክዳኑን እንደ ድንኳን ከፍቶ መድፋት፣ ከዚያም «ይሠራ ይሆን?» ብሎ ለመሞከር አለመቸኮል ያስፈልጋል። ብዙዎቹን ላፕቶፖች የሚያበላሸው ፈሳሹ ሳይሆን ይህ ሙከራ ነው። ስኳር ወይም ጨው የገባበት ቡና ከደረቀ በኋላም እርጥበት እየሳበ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና ብረት የሚበላ ቅሪት ስለሚተው፣ ላፕቶፑ በማግስቱ ቢነሣም ተከፍቶ መጽዳት አለበት።

ባትሪን በተመለከተ ሻጮች «መጀመሪያ ለስምንት ሰዓት ቻርጅ አድርገው» ሲሉ ይሰማል። ይህ ምክር የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ዘመን ቅሪት ነው። ፈልሳፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኙበት የሊቲየም አዮን ባትሪ እንዲህ ያለ ሥርዓት አያስፈልገውም። የሚጠላው ሙቀትንና ሙሉ ወይም ባዶ ሆኖ ለረጅም ጊዜ መቀመጥን ነው፤ ለብዙ ሳምንታት የማይነካ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ ማስቀመጥ ይመረጣል። ያበጠ ባትሪ ወዲያው ከአገልግሎት ይውጣ፤ አይበሳ፣ አይጫን።

ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚመለሰው ፍላሽ

ተማሪ ሁሉ አሳይንመንቱን ለማሳተም ፍላሹን ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይዞ ይሄዳል። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ መገመት አያዳግትም። ሲመለስ ማኅደሮቹ ሁሉ ትንሽ የቀስት ምልክት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው ይታያሉ። ተማሪውም ደንግጦ ወይም ደጋግሞ ይጫናቸዋል፣ ወይም ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ማኅደሮች አያጠፋም፤ «የተሰወረ» እና «የሲስተም» የሚሉትን ምልክቶች ለጥፎ ከዓይን ይሰውራቸዋል። በየስማቸውም የውሸት ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሲጫኑት መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሣል፤ ወዲያው ደግሞ እውነተኛውን ማኅደር ይከፍታል። ባለቤቱ የፈለገውን ስላገኘ አይጠረጥርም። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ማሻሻያ፣ ፍላሽ እንደተሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን ኦቶራን በቆዩት የዊንዶውስ ዓይነቶችም ላይ ዘግቶት ነበር። በሩ ሲዘጋ ሌባው ባለቤቱን ራሱን በሩን እንዲከፍትለት ማታለልን መረጠ።

መድኃኒቱም ከአሠራሩ ይገኛል። በአንቲ ቫይረስ ከተፈተሸ በኋላ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ የሚያደርገውን የዊንዶውስ ማስተካከያ መክፈት፣ ወይም «አትሪብ» በተባለው ትእዛዝ የተለጠፉትን ምልክቶች ማንሣት ይቻላል፤ ሥራው በስፍራው ይገኛል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለማሳተሚያ ብቻ የሚውል አንድ አነስተኛ ፍላሽ መያዝና በውስጡ የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ ማስቀመጥ ነው። ዋናው ሥራ የያዘው ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አይግባ።

ኢንተርኔት ውድ ነው በማለት የዊንዶውስን ማሻሻያ ዘግቶ መቀመጥም የተለመደ ነው። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያጥለቀልቅ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷልና፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይህን መጠየቅ አለበት። «ዊንዶውስን በነጻ እናነቃለን» የሚሉት አክቲቬተሮችም ሲጫኑ አንቲ ቫይረሱን አጥፋ ይላሉ፤ ዘበኛህን አሰናብትና ልግባ እንደ ማለት ነው።

የማሻሻያ ጥያቄ ሁሉ ግን እውነተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል የቪዲዮ አድራሻ ይላክላቸው እንደነበር፣ ሲከፍቱትም «አዶቤ ፍላሽን አሻሽሉ» የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸው እንደነበር ገልጿል፤ ማሻሻያው ሰላይ ፕሮግራም ነበር። አዶቤ ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከነጭራሹ ስለተቋረጠ፣ ዛሬ እንዲህ የሚል ገጽ ሁሉ ሐሰተኛ ነው።

ሌባ ቢወስደውስ? የዊንዶውስ የይለፍ ቃል የሚያግደው ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው እንጂ ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካውን አይደለም። ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ወይም መሰሉ ግን ይህንንም ያግዳል። የመክፈቻ ቁጥሩን በዚያው ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ በወረቀት ተጽፎ በወላጅ ቤት፣ ከመሬት ካርታውና ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር ይቀመጥ። የላፕቶፑ መለያ ቁጥርና ደረሰኙም ከዚያው ጋር ይቀመጡ፤ ፖሊስ የሚጠይቀው እነርሱን ነው።

ስለ ቅጂ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱም በሌላ ቦታ የሚል ነው። ለደዶ ተማሪ ይህ ማለት አንዱ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በውጫዊ ዲስክ ወይም በፍላሽ፣ ሦስተኛው ጅማ ባለ ጓደኛ ዘንድ ወይም በኢንተርኔት ማኅደር ነው። የኢንተርኔቱ ብቻውን አይታመንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ፣ ሥራው በዚያ ብቻ የነበረ ሰው ሊደርስበት አልቻለም።

ይህ ጸሐፊ በጠፋበት መረጃ ምክንያት በጥቅምት እንደገና ወደ መስክ ወጥቶ መጠይቁን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ምርቃቱም ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን ለጥገና ሲሰጥ ሁለት ነገር ያደርጋል። የሚቻል ከሆነ ዲስኩን አስወጥቶ በእጁ ያስቀራል። የማይቻል ከሆነ ደግሞ በክዳኑ ላይ በፕላስተር ወረቀት ይለጥፋል፤ በላዩም በትልልቅ ፊደል «ፎርማት እንዳይደረግ! መጀመሪያ ይደወልልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ከሥሩም የስልክ ቁጥሩን ያክላል።