ሶፋው ሲገባ ሰላም ወጣ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ለመጋባት ስታስቡ ከእጮኛችሁ ጋር የምታወሩት ስለ ምንድን ነው? ስለ ሠርጉ፣ ስለ ቬሎው፣ ስለ ሚዜዎቹ፣ «ስንት ልጅ እንውለድ?» ስለሚባለው… ጥሩ ነው። ግን «አንድ ሺህ ብር እጅህ ላይ ብታድር ጠዋት ስንት ሆና ትነሳለች?» ብላችሁ ተጠያይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልጠየቅኩም። ባለመጠየቄ የመጣብኝን ላጫውታችሁ። የራሴንም የባለቤቴንም ስም አልጠቅስም። ሰፈራችን ትንሽ ናት፤ ወሬ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል።

እኔ ቁጠባን የተማርኩት ከእናቴ ነው። እናቴ አምስት ልጆች ያሳደገችው ጉሊት ቸርችራ ነው። በእኛ ቤት ዘይት ያለቀበት ጀሪካን ተገልብጦ ያድራል። የሳሙና ቁራጭ ከአዲሱ ሳሙና ጋር ይለጠፋል። ፌስታል ታጥቦ ይሰጣል። ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ደመወዝተኛ ከሆንኩ በኋላም ይሄ ጠባይ አልለቀቀኝም። ያሉኝ ጫማዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን። ስልክ ደግሞ የምቀይረው የድሮው አልነሳ ብሎ ሲቀር ብቻ ነው።

እሱስ? እሱማ ሌላ ፍጥረት ነው! ካፌ አራት ሆነው ከተቀመጡ ሂሳቡ የእሱ ነው። ታክሲ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ካየ «ተከፍሏል!» ይላል፣ ሰውየው የተሳፈረው እስከ መጨረሻ ቢሆንም። አዲስ ጫማ ገበያ ላይ ወጣ ሲባል እግሩን ይበላዋል። ደመወዝ በገባ በሳምንቱ «እስቲ ለታክሲ የምትሆን ነገር ስጪኝ» ማለት ይጀምራል።

«ታዲያ ምን አገናኛችሁ?» ትሉ ይሆናል። የሚገርመው፣ የወደድኩት በዚሁ ጠባዩ ነው። በተዋወቅን ሰሞን ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ወሰደኝ። እኔ ሜኑውን ስይዝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው፤ የምግቡን ስም የማነበው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ሜኑውን ሳይገልጥ አዘዘ። ደነገጥኩ፤ ግን ደስ አለኝ። እኔ የሌለኝን ነፃነት አየሁበት። እሱም በኋላ እንደነገረኝ «ይቺ ልጅ ሥርዓት ታስይዘኛለች» ብሎ ነው የወደደኝ።

ይሄ የእኛ ብቻ ዕጣ አለመሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ስኮት ሪክ፣ ዴቦራ ስሞልና ኢላይ ፊንክል የተባሉ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ተመራማሪዎች ስለ ቋጣሪና ስለ በታኝ ባልና ሚስት ጥናት አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ምን መሰላችሁ? ብር ማውጣት የሚያመውና ብር ማውጣት የማያመው ሰው እርስ በርስ ይሳሳባሉ። ምክንያቱም ሁለቱም በራሳቸው ጠባይ ደስተኞች አይደሉም። ከተጋቡ በኋላ ግን በገንዘብ ነገር ያላቸው ልዩነት በሰፋ ቁጥር ጭቅጭቁም ይብሳል፣ የትዳሩም ደስታ ይቀንሳል። ሁለት በታኞች ሲጋቡ ዕዳቸው ቢበዛም በገንዘብ የሚጣሉት ግን ያንሳል። አይ ጉድ! በፍቅር ጊዜ ያማረን ነገር በትዳር ጊዜ ያንቀናል ማለት ነው።

ሶፋው

በ2013 ዓ.ም. ተጋባን። አያት አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራየን። ባለቤቴ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እቁብ ነበረው፤ አሥር ሰዎች፣ በወር 6,000 ብር። ዕጣው ሲወጣ 60,000ው ቀጥታ ወደ ባንክ እንዲገባና ለቤት መግዣ እንዲጠራቀም ተማምለናል።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሁለት ወዛደሮች ላባቸውን እየጠረጉ ደረጃውን ይወርዳሉ። ቤት ስገባ ሳሎኑ የለም። ሳሎኑን የዋጠ ኤል ሼፕ ሶፋ ብቻ ነው ያለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሶፋ ነዋ!»

«እሱንማ እያየሁት ነው። በምን ብር?»

«እቁቡ ወጣልኝኮ የኔ ቆንጆ! ሰርፕራይዝ!»

ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። እኔ ግን የዚያን ዕለት ማታ የተኛሁት ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ሶፋው ሲገባ መጋረጃው አረጀ። መጋረጃው ሲቀየር ምንጣፉ አፈረ። ምንጣፉ ሲነጠፍ አሮጌዋ ቴሌቪዥን «ከዚህ ቤት አውጡኝ» የምትል መሰለች። መጋረጃ 11,000፣ ምንጣፍ 14,000፣ ቴሌቪዥን 42,000። ደምሩት። የ60,000 ብሩ ሶፋ 127,000 ሆነ! ትርፉ 67,000 የመጣው ከመሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበርና ከጓደኛ ነው። እኔ ያወቅኩት ዕዳው ከደመወዙ መቆረጥ ሲጀምር ነው።

ዴኒስ ዲዴሮ የተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ በዚሁ መከራ ላይ ጽፏል። ያማረ አዲስ ካባ ያገኛል። ካባውን ለብሶ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ሲል ወንበሩም ጠረጴዛውም ሥዕሉም አላምር አለው። አንድ በአንድ ቀየራቸው። መጨረሻ ላይ የናፈቀው አሮጌ ካባውን ነው። የዘመኑ አጥኚዎች ይህንኑ ጠባይ በእሱ ስም «የዲዴሮ ውጤት» ብለው ይጠሩታል። አንዱ ዕቃ ሌላውን ይጎትታል። የፓሪሱ ካባ አያት ድረስ መጥቶ ሶፋ ሆነብኝ።

የእኔ ጉድ

እስካሁን የባሌን ጥፋት ነው ያወራሁት። አሁን የእኔ ተራ ነው።

ከሶፋው በኋላ መጮህ ተውኩ። መጠየቅም ተውኩ። ዝም ብዬ ሌላ ባንክ ሄጄ በስሜ ደብተር አወጣሁ። ከአስቤዛው ላይ፣ ከትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ላይ፣ ከጉርሻዬም ላይ እየቆነጠርኩ ማስገባት ያዝኩ። «ሥጋ ተወደደ» እያልኩ ሽሮ አበላሁት። ለራሴ «ለቤታችን ነው» እላለሁ። ከሦስት ዓመት በላይ ሲሆነኝ ሂሳቡ 84,000 ብር ደረሰ። ማታ ማታ እሱ ሲተኛ ስልኬን ከፍቼ ቁጥሯን አይቼ ነው የምተኛው።

በመሐል አንድ ጊዜ አፌን አስይዞኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። የዕቃም ዋጋ ተሰቀለ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን እየጠቆመ «አየሽ! ያኔ ባንገዛ ዛሬ በዚያ ብር ሪሞቱን ነበር የምንገዛው!» ብሎ ሳቀ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ብር በኑሮ ውድነት ይበላል። የእኔ 84,000 በቁጥር አልቀነሰችም፤ ጉልበቷ ግን ሟሽቷል።

ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ አማቴ ከደብረ ብርሃን በኩል ታመው መጡ። የሐሞት ከረጢት ጠጠር ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ። ከምርመራው ጋር 75,000 ብር ያህል ተጠየቅን። ባለቤቴ ያን ዕለት ማታ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጭንቅላቱን ይዞ «ስንት አለን?» አለኝ።

«ምን አለን? ደመወዛችንን ታውቀው የለ!» አልኩት።

አንባብያን ሆይ፣ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ብሩ እኮ ነበረ! ሦስት ሌሊት ሙሉ አማቴ መኝታ ቤት ሲያቃስቱ እሰማለሁ። «አሁን ልንገረው» እላለሁ፣ አልነግረውም። አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ደብቄ ማቆየቴን ቢያውቅ ምን ይለኛል? ሁለተኛው ግን ከዚያ የባሰ ነው። ሳሳሁለት። ለካ ገንዘብ የሚያሳብደው በታኝን ብቻ አይደለም!

እሱ ግን ስልኩን ይዞ ደወለ። እነዚያ «ተከፍሏል!» ያላቸው ሰዎች፣ ማኪያቶ የጋበዛቸው፣ የልጃቸውን ክርስትና ያልቀረባቸው ሁሉ በቴሌብር መላክ ጀመሩ። አንዱ 5,000፣ አንዱ 2,000፣ ሌላው 10,000 «ስታገኝ ትመልሳለህ» ብሎ። የሰፈራችን የታክሲ ረዳት 500 ብር ላከ። በሦስተኛው ቀን ማታ 71,000 ብር ሞላ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እኔ ብታመም ለማን እንደምደውል ሳስብ ሁለት ስም ላይ ቆምኩ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አላስችል ብሎኝ ስልኬን ከፍቼ ሂሳቡን አሳየሁት። ቁጥሩን ረጅም ጊዜ አየው። አልጮኸም።

«እናቴ ስታቃስት ሌሊቱን አብረሽኝ ቁጭ ብለሻል» አለኝ። «ይሄም ብር አብሮን ቁጭ ብሎ ነበር?»

ሌላ ምንም አላለኝም። እናቱ ለክትትል እንዲመቻቸው እኛ ቤት አመጣቸው፤ እሱ ግን ወንድሙ ጋ ማደር ጀመረ። ቀን ይመጣል፣ እናቱን ያያል፣ ይሄዳል። ለአሥራ አንድ ቀን እኔን በስሜ አልጠራኝም። ፍቺ የሚለው ቃል በመሐላችን ባይነገርም ቤቱ ውስጥ ነበረ።

የአማቴ ፍርድ

«ልጄ፣ ባልሽ የት ነው የሚያድረው?» አሉኝ አማቴ አንድ ቀን፣ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ። አዎ፣ ያ የረገምኩት ሶፋ ላይ! መኝታ ቤቱ ይጨንቃል ብለው እዚያ ላይ ነው ያገገሙት። ዋሽቼ መጨረስ አቃተኝና «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ ልጃቸውን አስጠሩና ሁለታችንንም ፊት ለፊት አስቀመጡን።

«የእሱ እጅ ቀዳዳ ነው፤ የአንቺ ደግሞ ጭብጥ ነው። በቀዳዳ እጅ ውሃ አይጠጣም፣ በጭብጥም እጅ አይጨለፍም። እኔ አልሞትኩም፤ እናንተ ለምን ትሞታላችሁ? በሉ ተነጋገሩ።»

ተነጋገርን። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት። እሱ በልጅነቱ ጫማ ስላልነበረው የሚሰደበው ስድብ ዛሬም እንደሚሰማው ነገረኝ። እኔ ደግሞ እናቴ በታመመች ጊዜ ጉሊቱ ሦስት ቀን ሲዘጋ ምሳችን እንዴት እንደጠፋ ነገርኩት። ለካ ሁለታችንም የምንሸሸው ያንኑ ድህነት ነው፤ መንገዳችን ነው የተለያየው።

ስምምነታችን

ሕጉን ጠይቀን ስናይ ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። በአንዱ ስም ቢመዘገብም ያው ነው። ስለዚህ «የእኔ» ያልኩት 84,000 የእኔ ብቻ አልነበረም። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። የእሱ 67,000 እንዴት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ!

እናም እንዲህ ተስማማን። አንደኛ፣ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ቡና ይፈላል፤ ስልኮቹ ይከፈታሉ፤ የሁሉም ባንክ ሂሳብ ይታያል። ሁለተኛ፣ የሁለታችን ገቢ ይደመርና ከመቶው 60 እጁ ለቤት ይሆናል፤ ለታመመና ለለቅሶ የሚወጣውም ከዚሁ ነው። 20 እጁ ይቆጠባል። የቀረው 10 ለእሱ፣ 10 ለእኔ ነው። እሱን «ምን አደረግከው?» ማለት ክልክል ነው። ሦስተኛ፣ ከ3,000 ብር በላይ የሆነ ዕቃ ሁለት ሌሊት ሳይታደርበት አይገዛም። አራተኛ፣ ቁጠባው ብር ሆኖ ብቻ አይቀመጥም። ጥር ላይ አዲሱ ጤፍ ገበያ ሲገባ በኩንታል እንገዛለን፤ እሱ መግዛቱ ደስ ይለዋል፣ እኔ ማትረፉ ደስ ይለኛል።

ከ84,000ው ላይ በብድር የመጣውን 40,000 ለጓደኞቹ መለስን። የታክሲ ረዳቱ አልቀበልም ብሎ ቤታችን ምሳ በላ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። ባለፈው ወር በ10 እጁ ሁለተኛ መነጽር ገዝቶ መጣ። ሁለት ዓይን ላለው ሰው ሁለተኛ መነጽር! እንደምንም ዝም አልኩ። እኔ ደግሞ የራሴን 10 እጅ አራት ወር ሳልነካው ቀረሁና «ይሄማ እንዲጠፋ ነው የተሰጠሽ!» ብሎ ተቆጣኝ። ሄጄ ጫማ ገዛሁ። ሦስተኛ ጫማዬ ነው። ሱቁ በር ላይ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር።

እናንተ ለመጋባት የምታስቡ ወጣቶች ግን ከቬሎው በፊት ያቺን የአንድ ሺህ ብር ጥያቄ ተጠያየቁ። መልሳችሁ የተለያየ ቢሆን ትዳሩን ተዉት ማለቴ አይደለም። የምትደብቁት ብርና የምትደብቁት ዕዳ ቤት ውስጥ አብሯችሁ እንደሚኖር ግን ከእኔ ተማሩ።