የቢሮ ኢሜይልና የቀጠሮ ሶፍትዌር፤ ተተኪው ከመገዛቱ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሒሳብ

በአንድ የአስመጪ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች በሙሉ ቢበላሹ በሌላ መተካት ይቻላል። ፕሮፎርማው፣ የኤል.ሲ. ደብዳቤው፣ የጭነት ሰነዱና ከአቅራቢው ጋር የተደረሰው የዋጋ ስምምነት የተቀመጠበት የኢሜይል ሣጥን ቢጠፋ ግን ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ምትክ የለውም። ይህን ሣጥን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ሲያረጅ በምን ይተካ የሚለው ጥያቄም ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም።

ጥያቄው ሰሞነኛ የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ኩባንያ በብዙ ቢሮዎች የኢሜይልና የቀጠሮ ማዕከል ሆነው ለቆዩት ኤክስቼንጅ ሰርቨር 2016 እና 2019 ለተባሉት ፕሮግራሞች ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ፕሮግራሙ በዚያ ቀን ሥራውን አልተወም፤ ደብዳቤ መላክና መቀበሉን ይቀጥላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚገኘውን ቀዳዳ የሚደፍን መደበኛ ድጋፍ አለመኖሩ ነው። በየካቲት ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በዚሁ ፕሮግራም ላይ የተገኙ ቀዳዳዎች ይፋ ሲሆኑ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ተሰብረው ነበር። የድርጅት ኢሜይል ውስጥ የገባ ሌባ የሚፈልገው ደብዳቤ ማንበብ ብቻ አይደለም። ክፍያ እስኪደርስ አድብቶ፣ የአቅራቢውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በሌላ የተካ ኢንቮይስ ይልካል።

ሁለተኛው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል። ለምሳሌ 20 ሠራተኞች ያሉት ቢሮ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 6 ዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት ቢከራይ ወጪው በዓመት 1,440 ዶላር ነው። ይህ በ57 ብር ሲሰላ 82,080 ብር የነበረ ሲሆን፣ በ150 ብር ቢታሰብ 216,000 ብር ይሆናል። የዶላሩ ዋጋ አልተለወጠም፤ የብሩ ሒሳብ ግን ከእጥፍ በላይ አድጓል።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው ሥራ

እንደ ኤክስቼንጅ ያለ ፕሮግራም ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ይዟል። የመጀመሪያው ደብዳቤ መላክና መቀበል ነው። ሁለተኛው ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋና የሽያጭ ክፍሉ በጋራ የሚያዩት የቀጠሮ መዝገብ ሲሆን፣ ሦስተኛው የደንበኞች የጋራ አድራሻ ማውጫ ነው።

ደብዳቤውን ብቻ የሚተካ ፕሮግራም ማግኘት ቀላል ነው። አይማፕ በሚባለው የታወቀ ሥርዓት የሚሠራ ማንኛውም ሰርቨር ከማንኛውም የደብዳቤ ፕሮግራም ጋር ይግባባል። አስቸጋሪው የጋራ ቀጠሮው ነው። ለዚህ ሥራ ካልዳቭ የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል፤ በነፃ የሚገኘው ተንደርበርድ ፕሮግራምም በዚሁ ይሠራል። ብዙ ሠራተኞች የለመዱት አውትሉክ ግን ያለ ተጨማሪ ማገናኛ ፕሮግራም ካልዳቭን አያነብም። በመሆኑም ሰርቨሩ በርካሽ ተተክቶ፣ በማግስቱ ጸሐፊዋ የሥራ አስኪያጁን ቀጠሮ ማየት ሊያቅታት ይችላል። ሻጩ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው ይኸው መሆን ይኖርበታል።

ሦስት መንገዶች

አንደኛው መንገድ ከዚያው ኩባንያ ጋር መቀጠል ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ተተኪ ሰርቨር ኪራዩ በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድን መሠረት ያደረገ ነው። ሠራተኛው የለመደው ስለማይለወጥ የሥልጠና ወጪ የለበትም፤ በአንጻሩ አንዴ ገዝቶ ዓመታት መጠቀም ቀርቷል።

ሁለተኛው ሰርቨሩን ከቢሮ አውጥቶ አገልግሎቱን በኢንተርኔት መከራየት ነው። ማይክሮሶፍት 365፣ ጉግል ወርክስፔስና ዞሆ በዚህ መስክ የታወቁ ናቸው። መብራት ሲጠፋ የሚጨነቅ የለም፤ መጠባበቂያ ቅጂውም በአብዛኛው የአከራዩ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ክፍያው በዶላር ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ከጎን ጠረጴዛ ላለ ባልደረባ እንኳ ደብዳቤ መላክ አይቻልም።

ሦስተኛው መንገድ ሌላ ሰርቨር በቢሮው ኔትወርክ ላይ መትከል ነው። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራውና በአነስተኛ ቢሮዎች የሚታወቀው ኤምዴሞን በክፍያ የሚገኝ ነው። ሶጎ የተባለው ደግሞ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ ደብዳቤን፣ የጋራ ቀጠሮንና አድራሻን ያስተናግዳል። ሆኖም ሶጎ ብቻውን አይቆምም፤ ደብዳቤውን የሚያመላልሱ ሌሎች ፕሮግራሞች ከሥሩ መተከል አለባቸው።

በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የጀመረውና ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየው የኢንተርኔት መቋረጥ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን መንገድ ልዩነት በግልጽ የሚያሳይ ነው። ሰርቨሩ በቢሮው ውስጥ ያለ ድርጅት በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀድሞ ደብዳቤዎቹንና ቀጠሮዎቹን ያያል፤ በውስጥም ይጻጻፋል። ከውጭ የሚላክለት ደብዳቤ ግን ብዙውን ጊዜ ለአራት ወይም ለአምስት ቀናት ከተሞከረ በኋላ ወደ ላኪው ይመለሳል። የተከራየው ሰው ደግሞ በተቃራኒው ምንም ባያይም፣ ደብዳቤዎቹ ውጭ አገር ባለው ሣጥን ተጠራቅመው ይጠብቁታል። የትኛው ጉዳት እንደሚከፋ የሚያውቀው የንግዱ ባለቤት ነው።

ነፃ የሆነው ሁሉ ያለ ወጪ አይደለም

በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ የለውም እንጂ የባለሙያ ክፍያ አለው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው እንደሚባለው፣ የሊኑክስ ሰርቨርን የሚያውቅ ሰው በቋሚነት ወይም በኮንትራት ሊኖር ይገባል። አዲስ የተተከለ ሰርቨር የላከው ደብዳቤ በተቀባዩ ዘንድ እንደ ቆሻሻ መልእክት እንዳይጣል፣ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡት ኤስ.ፒ.ኤፍ.፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉ ምዝገባዎች ያስፈልጋሉ። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለላኪዎች የሚያወጡትን ግዴታ አጥብቀዋል። ይህ ሥራ በአግባቡ ካልተሠራ ለደንበኛ የተላከ የዋጋ ማቅረቢያ ሳይነበብ ይቀራል፤ ላኪውም አያውቅም።

የአምራቹ ዕጣም መታየት አለበት። ዚምብራ የተባለው የታወቀ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 በያሁ፣ በ2010 በቪኤምዌር፣ በ2013 በቴሊጀንት፣ በ2015 በሲናኮር እጅ ገብቷል። በ8 ዓመት ውስጥ አራት ባለቤት መሆኑ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምርጫው በፕሮግራሙ ስም ሳይሆን፣ ደብዳቤንና ቀጠሮን በታወቀ ፎርማት አውጥቶ ለሌላ ማስረከብ በመቻሉ እንዲመዘን ነው። መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም አይቶ የገዛ አይጸጸትም።

ከዚህም ሌላ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትን ሁኔታ የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሉት። የደንበኞችን መረጃ በብዛት የሚይዝ ድርጅት ከመከራየቱ በፊት የሕግ አማካሪውን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

የሰዓቱ ነገር

እነዚህ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የተሠሩት በፈረንጆች ቀንና ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት የተባለን ቀጠሮ አንድ ሠራተኛ 8፡00 ብሎ ቢመዘግበው፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ተዛነፈ ማለት ነው። ለንግድ ቢሮ የሚበጀው በጽሑፉ ውስጥ የአገሩን ሰዓት ገልጾ፣ በሰዓት መሙያው ቦታ 14፡00 ብሎ ማስገባትና የሰዓት ቀጣናውን አዲስ አበባ ማድረግ ነው። ዱባይ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት፣ ቻይና በ5 ሰዓት ይቀድማሉ፤ ኢስታንቡል እኩል ነው። አውሮፓውያን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚለውጡ ልዩነቱን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያሰላ መተው ይሻላል።

የማዘዋወሩ ቅደም ተከተል

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን ሥራው በደረጃ ቢካሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ ስንት ሣጥን፣ ምን ያህል መጠን ያለው ደብዳቤና ስንት የጋራ ቀጠሮ እንዳለ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ ሥራ የለቀቁ ሰዎች ሣጥን ተገኝቶ የሚከፈልበት ቁጥር ይቀንሳል። ቀጥሎ የነባሩ ደብዳቤ ቅጂ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይወሰድና አንዱ ከቢሮው ውጭ ይቀመጣል። ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑም ይሞከራል።

ከዚያ አዲሱ ፕሮግራም ለአንድ ወር ያህል ለሦስት ሰዎች ብቻ ይሰጣል። ከሦስቱ አንዷ ቀጠሮ የምትይዘው ጸሐፊ ብትሆን ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። ሙከራው ከተሳካ በኋላ የድርጅቱ ደብዳቤ ወደ አዲሱ ሰርቨር እንዲመራ የሚደረገው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አሮጌው ሰርቨርም ከውጭው ዓለም ተለይቶ ለተወሰኑ ወራት ይቆያል። የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ ወርና የግብር ሰነድ በሚሰበሰብበት ሰሞን ይህን ሥራ መጀመር አይመከርም።

በጥቅሉ ሲታይ እስከ አሥር ሰው ላለው ቢሮና ባለሙያ ለመቅጠር ለማይችል ድርጅት መከራየቱ ይቀላል። ባለሙያ ያለው፣ ሠራተኛው የበዛና የዶላር ክፍያ የሚከብደው ድርጅት የራሱን ሰርቨር ቢተክል ሒሳቡ ሊያዋጣው ይችላል። ድጋፉ በተቋረጠ ሰርቨር ላይ ዝም ብሎ መቆየት ግን ወጪ መቆጠብ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አንድ የተጭበረበረ ኢንቮይስ የብዙ ዓመት የሶፍትዌር ክፍያን ይዞ ሊሄድ ይችላልና።