ሊማሊሞ ላይ ኦክስጅን የሚያበድረው ዱቄት

ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዳችሁ መልሳችሁ የወጣችሁ፣ መኪና ዳገቱ ላይ እንዴት እንደሚያቃስት ታውቃላችሁ። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይሰጣል። በዚያች ቅጽበት የቤንዚን ሞተር ውስጥ ከአየሩ ነዳጁ ይበዛና በደንብ ያልነደደ ጭስ፣ በተለይም መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በጭስ ማውጫው የሚያልፈው ከሞላ ጎደል አየር ብቻ ነው።

ይህን መዋዠቅ የሚያቻችለው ከማርሚታው ቀድሞ ባለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ፣ የማር እንጀራ በሚመስል ሴራሚክ ላይ የተቀባ ሴሪየም ኦክሳይድ ነው። ለእያንዳንዱ የሴሪየም አቶም ሁለት የኦክስጅን አቶሞች አሉት። ጭሱ ኦክስጅን ሲያጥረው ከራሱ ነቅሎ ይሰጠዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አቶሙ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ «የኦክስጅን ክፍተት» እንበለው። አቶሙ ትቷቸው የሄደውን ሁለት ኤሌክትሮኖች ሁለት ጎረቤት ሴሪየሞች ስለሚወስዷቸው ጠጣሩ አይፈርስም። አየር ሲመጣ ክፍተቱ ይሞላል። (ንጹሁ ዱቄት ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ብዙ ኦክስጅን ሲያጣ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ክፍተቱን በዓይን ማየት ይቻላል ማለት ነው።)

ግን ኦክስጅኑ ለምን ይወጣል? ቴርሞዳይናሚክስ ሁለት ነገር ይመዝናል። አንድ ሞል የኦክስጅን አቶም ከዱቄቱ ነቅሎ ጋዝ ማድረግ ከ400 ኪሎጁል በላይ ይፈጃል፤ ውድ ነው። በሌላ በኩል ታስሮ የነበረ አቶም ጋዝ ሲሆን ኢንትሮፒ ይጨምራል፤ የዚህ ክብደት ደግሞ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ያድጋል። ኢንትሮፒው ብቻውን እንዲያሸንፍ ወደ 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ መኪና ውስጥ ይህ የለም። እዚያ አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍነው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ራሱ ነው፤ አንድ ሞል ሲቃጠል 283 ኪሎጁል ይለቃል። የቀረውን የሚያቀልለው አቶሞቹ ከዱቄቱ ገጽ ላይ በቀላሉ መነቀላቸውና ዚርኮኒየም መደባለቁ ነው።

የደባርቅ ስስ አየርስ? ከተማዋ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የኦክስጅን ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ነው። እንግዳ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሴሪየም ኦክሳይድ ግን ብዙም አይሰማውም፤ ክፍተቶቹ ጥቂት እስከሆኑ ድረስ ብዛታቸው ከግፊቱ ስድስተኛ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ጭማሪው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጭሱ ውስጥ ግን የኦክስጅን ግፊት ከቢሊዮን እጥፍ በላይ ይዋዥቃል። ከተራራው ይልቅ የሾፌሩ እግር ይበልጣል ማለት ነው።

ብድሩ ግን ትንሽ ነው፤ በሴኮንዶች ያልቃል። ሙሉውን የሊማሊሞ ዳገት አይሸፍንም። የኦክስጅን ሴንሰሩ ተበላሽቶ ሞተሩ ነዳጅ እንዳበዛ ከቀጠለ ዱቄቱ ባዶውን ይቀራል። «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ ክፍሉ ተቆርጦ በባዶ ቱቦ ሲተካ ደግሞ አበዳሪ የሚባል ነገር የለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን የሚተነፍሰው በመንገዱ ዳር በእግሩ የሚወጣው ሰው ነው።