ሌንስ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠራው በየትኛው ቀዳዳ ነው?

ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረ ሰው ከቀደሙት የሚሰማው አንድ ምክር አለ፤ «ምስሉ እንዲጠራ ቀዳዳውን አጥብበው» የሚል ነው። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ቀዳዳውን ከሰፊው ጀምረን ደረጃ በደረጃ ስናጠብበው ምስሉ በእርግጥ እየጠራ ይሄዳል። ከአንድ ነጥብ በኋላ ግን ማጥበባችንን ብንቀጥል ምስሉ መልሶ መደብዘዝ ይጀምራል። ይህ የካሜራው ብልሽት አይደለም፤ የፋብሪካ ስሕተትም አይደለም፤ ከብርሃን ተፈጥሮ የሚመጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያ ነጥብ ለምን እንደሚኖር፣ የት አካባቢ እንደሚገኝና አንባቢያን በእጃቸው ባለው ካሜራ እንዴት ሊያገኙት እንደሚችሉ ለማየት እንሞክራለን።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

በሌንስ ውስጥ እንደ ዓይናችን ብሌን የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ፤ አፐርቸር ይባላል። መጠኑ የሚገለጸው በሚሊሜትር ሳይሆን ኤፍ በሚባለው ቁጥር ነው፤ ይኸውም የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለቀዳዳው ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። የትኩረት ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ በኤፍ 2 ላይ የቀዳዳው ዲያሜትር 25 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በኤፍ 16 ላይ ግን ከ3 ሚሊሜትር በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል ማለት ነው፤ ጀማሪዎችን ዘወትር የሚያደናግረውም ይኸው ነው። በሌንሱ ላይ የሚነበበው 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22 የሚለው ቅደም ተከተል እንግዳ ቢመስልም ትርጉሙ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደመው በ1.41 ገደማ ሲባዛ የሚገኝ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል።

የጠርዝ ጨረሮች

ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ብርሃን በሌንሱ መካከልም በጠርዙም ያልፋል። የብዙ ሌንሶች ገጽ ከሉል የተቆረጠ ቅርጽ አለው፤ እንዲህ ያለው ቅርጽ ለመሞረድና ለመወልወል ይቀላልና። ሉላዊ ገጽ ደግሞ በጠርዙ የሚያልፉትን ጨረሮች ከሚገባው በላይ ይሰብራቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ነጥብ የተነሡት ጨረሮች ተመልሰው በአንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም፤ ነጥቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ብዥ ያለ ክብ ይሆናል። ይህን ሉላዊ ግድፈት እንበለው። ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ወደ ሕዋ ከወጣ በኋላ የላካቸው ምስሎች ብዥ ያሉት በዚሁ ግድፈት ነበር፤ የዋናው መስታወት ጠርዝ ከሚገባው በላይ በ2 ማይክሮሜትር ገደማ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሞርዶ ነበርና። ጠፈርተኞች በዲሴምበር 1993 እ.ኤ.አ. ማረሚያ እስኪገጥሙለት ድረስ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ጠብቋል።

የካሜራ ባለቤት ግን ይህን ያህል መድከም የለበትም፤ ቀዳዳውን ሲያጠብብ ጥፋተኛውን ጠርዝ ይሸፍነዋል። ጥቅሙም ፈጣን ነው። የሉላዊ ግድፈት ብዥታ ከቀዳዳው ዲያሜትር ኩብ ጋር ይጨምራል፣ ይቀንሳልም። ቀዳዳውን በሁለት ደረጃ ብናጠብበው፣ ለምሳሌ ከኤፍ 2 ወደ ኤፍ 4፣ ዲያሜትሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ብዥታው ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሌሎች ግድፈቶችም አሉ፤ ሁሉም በማጥበብ አይታረሙም። በምስሉ ማዕዘኖች ላይ እንደ ባለ ቀለም ጥለት ሆኖ የሚታየው የቀለማት መለያየት ቀዳዳው ቢጠብም አይጠፋም።

ብርሃን ሞገድ ነው

እስካሁን ብርሃንን በቀጥታ መስመር እንደሚሄድ ጨረር ቆጥረነዋል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የመርፌ ቀዳዳ ከሁሉ የተሻለ በሆነ ነበር። ነገር ግን ብርሃን ሞገድ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወደ ጎን ይዘረጋል። ዲፍራክሽን የሚባለው ይህ ባሕርይ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ በ1835 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ እንከን የሌለበት ሌንስ እንኳ የአንድን ኮከብ ምስል ነጥብ ሊያደርገው አይችልም፤ በደብዛዛ ቀለበቶች የተከበበ ትንሽ የብርሃን ክብ ያደርገዋል እንጂ። ዛሬ የኤሪ ዲስክ የምንለው ይህን ነው። ዲያሜትሩን ማስላት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪም አይከብድም፤ 2.44ን በብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና በኤፍ ቁጥሩ ማባዛት ብቻ ነው።

የሞገድ ርዝመቱ 0.55 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን እንውሰድ። የዲስኩ ዲያሜትር በኤፍ 4 ላይ 5.4 ማይክሮሜትር፣ በኤፍ 8 ላይ 10.7፣ በኤፍ 16 ላይ 21.5፣ በኤፍ 22 ላይ ደግሞ 29.5 ማይክሮሜትር ይሆናል። የሌንሱ ዋጋ፣ የአምራቹ ስም፣ የመስታወቱ ጥራት በስሌቱ ውስጥ እንደሌሉ ልብ ይሏል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሌንስና ከጀማሪ ካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ኤፍ 22 ላይ ሲደርሱ በጥራት እኩያ ይሆናሉ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ቀዳዳው ሲጠብ አንደኛው ብዥታ ይሸሻል፣ ሁለተኛው ይቀርባል። የምንፈልገው ሁለቱ የሚተላለፉበትን ቦታ ነው። በብዙ ሌንሶች ይህ የሚሆነው ከሰፊው ቀዳዳ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ጠበብ ሲል ነው። ሰፊ ቀዳዳው ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 4 እና በኤፍ 5.6 መካከል፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚረዝመውና የሚያጥረው የጀማሪ ሌንስ ደግሞ በኤፍ 8 አካባቢ ይጠራሉ። ይህ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ግድፈታቸው እጅግ የታረመላቸው ውድ ሌንሶች ገና በሰፊው ቀዳዳ ወይም አንድ ደረጃ ጠበብ ብለው ከፍተኛ ጥራታቸው ላይ የሚደርሱበት ጊዜ አለ።

ስለ ፒክስል ብዛት የሚነገር አንድ የተሳሳተ አባባልም እዚህ ላይ ማረም ይገባናል። የሴንሰሩ ወርድ 23.5 ሚሊሜትር በሆነ ባለ 24 ሚሊዮን ፒክስል ካሜራ ላይ የአንዱ ፒክስል ስፋት 3.9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የኤሪ ዲስክ በኤፍ 8 ላይ ወደ ሦስት ፒክስል ይጠጋል፤ በኤፍ 22 ላይ ከሰባት ያልፋል። ተመሳሳይ ሴንሰር ይዘው 6 ሚሊዮን ፒክስል ብቻ በነበሯቸው የ2000ዎቹ መጀመሪያ ካሜራዎች ፒክስሉ በእጥፍ ይሰፋ ስለነበር ድብዛዜው የሚታወቀው ዘግይቶ ነበር። ከዚህ ተነሥተው «ፒክስል በበዛ ቁጥር ካሜራው በጠባብ ቀዳዳ ይብስበታል» የሚሉ አሉ። እንዲህ አይደለም። በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ዲስክ በሁለቱም ካሜራዎች አንድ ነው፤ አዲሱ ካሜራ ድብዛዜውን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። በስልክ ውስጥ ግን ሴንሰሩ እጅግ ትንሽ፣ ፒክስሉም ብዙ ጊዜ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ በኤፍ 8 ላይ ቢሠራ ዲስኩ አሥር ፒክስል በሸፈነ ነበር። የአብዛኞቹ ስልኮች ቀዳዳ ሰፊ ሆኖ የማይለወጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በተቃራኒው ጫፍ፣ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተንና ጓደኞቻቸው በ1932 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የመሠረቱት የፎቶግራፍ ቡድን ስሙን የወሰደው ከኤፍ 64 ነው። ዲስኩ በዚህ ቀዳዳ 86 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ በእኛ ካሜራ ላይ ምስሉን ባበላሸው ነበር። ዌስተን ግን 20 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ፊልም ይሠራ ነበር፤ ሲያትምም ሳያሳድግ ፊልሙን ከወረቀቱ ጋር አጣብቆ ነው። በ25 ሴንቲሜትር ርቀት ለሚመለከት ዓይን 86 ማይክሮሜትር ሊለየው በሚችለው ወሰን ላይ ያለ መጠን ነው። ስለዚህ ያ ቡድን ስለ ጥራት የተናገረው በራሱ መሣሪያ እውነት ነበር፤ በትንሽ ሴንሰር ላይ ግን አይሠራም።

ሌንስን መፈተን

ለሙከራው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መካከሉና አራቱም ማዕዘኖች በጽሑፍ እንዲሞሉ ጥቂት የጋዜጣ ገጾች በጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ለ እና ሉ፣ ሰ እና ሱ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነውና ጭረቷ ስትጠፋ ወዲያው ይታወቃል። ካሜራው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሆኖ ግድግዳውን ፊት ለፊት ማየት አለበት። ይህን ለማረጋገጥ ትንሽ መስታወት በጋዜጣው መካከል ከግድግዳው ጋር አጣብቆ በካሜራው መመልከት ነው። የሌንሱ ምስል በትክክል መሐል ላይ ከታየ ካሜራው አልተዘነበለም፤ የነጸብራቅ ሕግ ልኬቱን ሠርቶልናል።

ከዚያ አይ ኤስ ኦው በ100 ይጽና፤ ትኩረቱ ምስሉን አጉልቶ በማየት በእጅ ይስተካከል፤ ፎቶውን የሚያነሣው የካሜራው ሰዓት ቆጣሪ ይሁን፤ በጣት መጫን ራሱ ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋልና። በየቀዳዳው ሦስት ሦስት ፎቶ ተነሥቶ በኮምፒውተር ላይ መካከሉ ከመካከል፣ ማዕዘኑ ከማዕዘን ጋር ይነጻጸር። አብዛኛውን ጊዜ መካከሉ ቀድሞ ይጠራል፤ ማዕዘኖቹ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዘግይተው ይከተሉታል። አንዱ ማዕዘን ብቻ ብዥ ካለ ካሜራውን ገልብጦ ደግሞ ማንሣት ይጠቅማል፤ ብዥታው ከካሜራው ጋር አብሮ ከዞረ ችግሩ ከሌንሱ ነው፣ በግድግዳው ላይ በቦታው ከቀረ ግን ከአቀማመጡ ነው።

ዓይኑን ያላመነ ሰው የፋይሎቹን መጠን ያነጻጽር። ጄፔግ ዝርዝር የበዛበትን ምስል ለመጻፍ ብዙ ባይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብርሃኑና አይ ኤስ ኦው ሳይለወጡ ትልቁን ፋይል የሰጠው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ የጠራው ነው። ሻካራ መለኪያ ቢሆንም አድልዎ የለበትም።

ከጋዜጣ ወደ ብራና

በአገራችን ይህ ጥያቄ ቁም ነገር የሚሆንበት ሥራ የብራና መጻሕፍትን ማንሣት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል፤ ዛሬ እንዲህ ያለው ሥራ በዲጂታል ካሜራ ይከናወናል። 30 ሴንቲሜትር ቁመት ያለውን ገጽ በ23.5 ሚሊሜትር ሴንሰር ላይ ስናሳርፈው ምስሉ 13 ጊዜ ያህል ያንሳል። «ገደለ»ን «ገደሉ» የምታደርገው ጭረት 0.3 ሚሊሜትር ብትሆን በሴንሰሩ ላይ 23 ማይክሮሜትር ብቻ ትሆናለች። በኤፍ 8 ላይ ዲስኩ ከግማሿ ስለሚያንስ ጭረቷ ትነበባለች። በኤፍ 22 ላይ ግን ዲስኩ ከጭረቷ ይሰፋል፤ ቀለሙም የለቀቀ ከሆነ ብዙዎች ያደረጉት አንድ ሰው እንዳደረገው ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ፎቶውን ብቻ በእጁ የያዘ ተመራማሪ መጽሐፉን ገልጦ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ታዲያ ሌንሱ በኤፍ 5.6 ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠራ ከሆነ ለምን በዚያ አናነሣም? ብራና ከቆዳ የተሠራ በመሆኑ በርጥበትና በድርቀት ይሸበሸባል፤ በጥራዙ አካባቢም ይጎብጣል። ሁለት ፒክስል ያህል ብዥታ ብንፈቅድ፣ በዚህ አነሣስ የትኩረቱ ጥልቀት በኤፍ 4 ላይ 11 ሚሊሜትር ገደማ፣ በኤፍ 8 ላይ 22፣ በኤፍ 11 ላይ 30 ሚሊሜትር ነው። በጥራዙ አጠገብ 15 ሚሊሜትር ከፍ የሚል ገጽ በኤፍ 4 ላይ ከፊሉ ከትኩረት ይወጣል፤ በኤፍ 5.6 ላይም ሁሉም የሚጠራው ትኩረቱ ልክ በከፍታው አጋማሽ ላይ ካረፈ ብቻ ነው። ስለዚህ በጋዜጣው ሙከራ ኤፍ 5.6 ቢያሸንፍም በብራናው ላይ ኤፍ 8ን፣ ሲብስም ኤፍ 11ን እንመርጣለን፤ ከመካከሉ ጥቂት ጥራት ወስደን ለጥራዙ እንሰጣለን። ቅጠሎቹ እየተገለጡ ሲሄዱ ደግሞ የገጹ ከፍታ ስለሚለወጥ፣ ቀዳዳው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጥ፣ በየጥቂት ቅጠሉ ትኩረቱን ዳግም ማስተካከል ወይም መጽሐፉን በድጋፍ ወደ ቀድሞ ከፍታው መመለስ ያስፈልጋል።