ሁለት ጊዜ ከመሬት የወጣው ዳይኖሰር

እስካሁን ከታወቁት ሥጋ በል ዳይኖሰሮች በርዝመት ስፓይኖሶረስን የሚያህል የለም ማለት ይቻላል። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 14 ሜትር ገደማ ነው። የኖረው ከ95 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ፣ ዛሬ ሰሃራ በምንለው፣ ያኔ ግን ሰፋፊ ወንዞች በሚፈሱበት በሰሜን አፍሪካ ነበር።

የመጀመሪያው አፅም እ.ኤ.አ. በ1912 ግብፅ ውስጥ ባሕሪያ በተባለ የበረሃ ስፍራ ተገኘ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤርንስት ሽትሮመር አጥንቶቹን በጥንቃቄ ለክቶ፣ በሥዕል አስደግፎ በ1915 ለዓለም አስተዋወቀ። በጀርባው ላይ እስከ 1.65 ሜትር የሚረዝሙ አጥንቶች ሽቅብ ቆመው ሸራ ይሠራሉ። መንጋጋው ቀጭንና ረጅም፣ ጥርሱም እንደ አዞ ጥርስ ሾጣጣ ነው፤ ሥጋ ከመዘልዘል ይልቅ የሚያሟልጭ ዓሣ ይዞ ለማስቀረት ይመቻል።

አፅሙ ሙኒክ በሚገኝ ሙዚየም ተቀመጠ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲበረታ ሽትሮመር ስብስቡ ከከተማው እንዲወጣ ቢለምንም የናዚ ደጋፊ የነበረው ኃላፊ እምቢ አለ። በኤፕሪል 1944 የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ አፅሙ ከሙዚየሙ ጋር ጠፋ። በአንድ ሰው እምቢታ እንዲህ ያለ ሀብት መጥፋቱ ዛሬም ያስቆጫል። ከዚያ ወዲያ ለአሥርተ ዓመታት ተመራማሪዎች በዋናነት የተማመኑት በሽትሮመር ጽሑፍና ሥዕል ነው፤ ያ ሰው እጁ ላይ ያለውን ሁሉ ባይመዘግብ ኖሮ ኋላ የተገኘውን አጥንት ከምን ጋር ያስተያዩት ነበር?

ይህ አጥንት የተገኘው ሞሮኮ ውስጥ፣ ከም ከም በተባለ ስፍራ ነው። በኒዛር ኢብራሂም የተመራ ቡድን በ2014 ይፋ ያደረገው አፅም የኋላ እግሮቹ አጫጭር፣ አጥንቶቹም ድፍን ናቸው። እንዲህ ያለ ክብደት ያለው አጥንት እንደ ፔንግዊን በሚጠልቁ እንስሳት ዘንድ የተለመደ ነው። በ2020 ደግሞ ጅራቱ ይፋ ሆነ፦ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋና ሰፊ፣ በሌላ ሥጋ በል ዳይኖሰር ላይ ያልታየ ዓይነት።

ታዲያ ጠልቆ እየዋኘ ያድን ነበር? ኢብራሂምና ባልደረቦቹ አዎ ይላሉ። ቀድሞ አብሯቸው የሠራው ፖል ሴሬኖ ግን በ2022 ተቃወመ፤ ጀርባው ላይ እንዲህ ያለ ሸራ የተሸከመ እንስሳ በጥልቅ ውኃ ውስጥ ደካማ ዋናተኛ እንደሚሆን፣ ይልቁንም በወንዝ ዳር ቆሞ ዓሣ ያጠምድ እንደነበር ይከራከራል። የሞሮኮው አፅም ካዛብላንካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላለ፣ ሁለቱም ወገኖች እንደ ሽትሮመር ዘመን ተከታዮች በሥዕል ብቻ ሳይሆን በአጥንቱ ላይ ተመርኩዘው ይሟገታሉ።