ሌክሰስ ኢኤስ 350 ለጡረታ ዘመን

አሜሪካ ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ያገለገለ ቅንጡ መኪና ለመግዛት ሲያስብ መጀመሪያ ልቡን የሚያማልለው ዋጋው ነው። አዲስ ሳለ ሰማንያና ዘጠና ሺህ ዶላር የወጣበት ትልቅ የጀርመን ሴዳን አሥር ዓመት ሲሞላው ከአዲስ ኮሮላ ብዙም በማይርቅ ገንዘብ ይገኛል። ይሁን እንጂ የመኪናው ዋጋ በየዓመቱ ሲወርድ የመለዋወጫውና የመካኒኩ ሒሳብ አብሮት አይወርድም። መኪናው ሲበላሽ ጥገናው የሚተመነው ያኔ አዲስ በነበረበት ደረጃ ነው። ደሞዝ እያለው ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ጉድለቱን ይሸፍን የነበረ ሰው አሁን በየወሩ የሚገባለት የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ፣ ከመሸጫው ዋጋ በፊት የጥገናውን ወጪ መጠየቅ አለበት። በዚህ ሚዛን ሲታይ ለጡረተኛ የሚበጀው ላዩ ቅንጡ፣ ውስጡ ግን ከተራ መኪና ጋር አንድ የሆነ ሴዳን ነው። ከዚህ ዓይነቱ በደንብ የተፈተነው ደግሞ ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነው።

ሌክሰስ የተወለደው የቶዮታው ኢጂ ቶዮዳ በ1983 መሐንዲሶቹን ከዓለም ምርጥ መኪኖች ጋር የሚወዳደር አውቶሞቢል እንዲሠሩ በጠየቀ ጊዜ ነው። ውጤቱ ኤልኤስ 400 በጥር 1989 በዲትሮይት ትርኢት ቀረበ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኩባንያው ስምንት ሺህ የሚሆኑ መኪኖችን ለማረም ሲጠራ፣ መኪኖቹን ከባለቤቶቹ ደጃፍ ወስዶ፣ ጠግኖና አጥቦ መለሰ፤ ስሙም በዚያ ተተከለ። ከትልቁ ጎን አብሮ የወጣው ኢኤስ ግን በቶዮታ ካምሪ ላይ የተሠራ ስለነበር ብዙ ተቺዎች «ያጌጠ ካምሪ» እያሉ ዝቅ አድርገው አይተውታል። ለውድድር መኪና አፍቃሪ ይህ ነቀፋ ይሆናል። ለጡረተኛ ግን ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ያለ አይመስለኝም።

ምክንያቱም ኢኤስ 350 ኮፈኑ ሥር የያዘው ባለ ስድስት ሲሊንደር 3.5 ሊትር ሞተር በካምሪ፣ በአቫሎን፣ በሲዬናና በሃይላንደር ውስጥ ሲሠራ የኖረው ነው። መለዋወጫው በየሱቁ አለ፤ ቶዮታ የሚያውቅ ማንኛውም መካኒክ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት የሀበሻ ጋራዦችም ጭምር፣ ሞተሩን ለመፍታት የውድ ወኪል መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ከእሱ በፊት የነበረው ኢኤስ 330ና ትልቁ ኤልኤስ 430 በ90 ሺህ ማይል መቀየር ያለበት የሞተር ቺንጋ አላቸው፤ ኢኤስ 350 ግን በካቴና ስለሚሠራ ከዚህ ወጪ ነፃ ነው። ኤልኤስ 430 በጥንካሬው የተመሰገነ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም የመጨረሻው የተሠራው በ2006 ነው፣ የሚጠጣውም ውዱን ቤንዚን ነው። ተተኪው ኤልኤስ 460 የፊት እግሩ ክፍሎች ሲያልቁ ኪስ ያራቁታል።

ከዓመቶቹ መካከል የምመርጠው ከ2013 እስከ 2018 ያለውን ነው። ከ2007 እስከ 2012 የተሠሩት ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራው የአየር ከረጢት ችግር ለእርማት የተጠሩ ናቸው፤ ከእነሱም የመጀመሪያዎቹ ዳሽቦርዳቸው በፀሐይ እየቀለጠ የሚያጣብቅ፣ የዘይት ቱቦአቸውም የሚያፈስ አለ። የ2013ቱ መሠረቱን ከአቫሎን ጋር ስለሚጋራ የኋላ ወንበሩ ሰፊ ነው፤ በተራው 87 ቤንዚንም ይሄዳል። እንከን የለውም ማለት አይደለም። የውሃ ፓምፑ ማፍሰስ ያበዛል፤ ስክሪኑን የሚያዘው እጀታም ዓይን ከመንገድ ስለሚነቅል አልወደውም።

ሴዳን ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ለመግባትም ለመውጣትም ይቸገራል የሚል መቃወሚያ አለ። ትክክል ነው። ጉልበቱ ያስቸገረው ሰው የዚሁ ቤተሰብ የሆነውንና እስከ 2022 ሞዴል ድረስ በ3.5 ሊትር ሞተር የተሠራውን ከፍ ያለ አርኤክስ 350 ቢያይ ይሻለዋል። አዲስ ካምሪ ከነዋስትናው መግዛት አይሻልም ወይ የሚሉም አሉ። ብዙ ማይል ለሚነዳ አዎ ይሻላል። በሳምንት ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሐኪምና ለልጅ ልጅ ጥየቃ ብቻ ለሚወጣ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትልቅ የዋጋ ውድቀት ሌላ ሰው ቢከፍልለት፣ እሱም ጀርባ የሚያሳርፍ ወንበርና ጸጥታ ቢያገኝ ምን ይጎዳል? አገር ቤት ስገባ ይዤው እሄዳለሁ የሚል ካለ ግን ሐሳቡን ይተው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል።

ብዙ ጡረተኛ የሚሳሳተው ማይል ላይ ነው። ትንሽ የተነዳ መኪና ሁሉ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን አሥር ዓመት ቆሞ የከረመ መኪና ጎማው ይደርቃል፣ ቱቦው ይሰነጠቃል፣ ዘይቱ በወቅቱ አይቀየርም። በሀይዌይ መቶ ሺህ ማይል ሄዶ የጥገና ደረሰኙ የተሟላለት ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ከሆነ በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መኪናው ለእርማት የተጠራበት ጉዳይ ይኖር እንደሆነ አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ባለው መለያው በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በነፃ ይጣራል። ነጋዴ መስኮቱ ላይ በሕግ የሚለጥፈው ወረቀት «ባለበት ሁኔታ» የሚል ከሆነ፣ ከግዢ በኋላ የሚደርሰው ብልሽት የእርስዎ ዕዳ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ለማያውቅ መካኒክ የምርመራውን ሒሳብ ከፍለው ያሳዩት። ሻጩ አላስመረምርም ካለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ትተውት ይሂዱ።